‹‹ባርሳ›› የክለብ ስም ብቻ ያልሆነበት መንደር

አዲስ አበባ ውስጥ ዲኤስቲቪ በሚያሳይ ቤት ቁጭ ብሎ ‹‹ባርሳ!›› የሚል ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ማንም አይጠፋውም። ወይ ቡድኑ አሸንፎለት ጮቤ እየረገጠ ነው፣ ወይ የማድሪድ ደጋፊ አብሽቆት መልስ እየፈለገ ነው። ክርክሩ ከሮናልዲንሆ ዘመን ተነስቶ በሜሲ በኩል አልፎ እዚህ ደርሷል፤ ገናም አያልቅም። በሴኔጋል የባሕር ዳር መንደሮች ግን ይቺው ቃል ሌላ ጓደኛ አላት። ‹‹ባርሳ ወላ ባርሳክ›› ይላሉ በወሎፍ ቋንቋ። ባርሳ ያው ባርሴሎና ነው፤ ስፔን፣ አውሮፓ፣ ሥራ፣ ዩሮ። ባርሳክ ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን የሞተ ሰው እስከ ትንሣኤ ቀን የሚቆይበት ዓለም ነው። ባጭሩ፣ ወይ ባርሴሎና ወይ ሞት።

ይህንን መፈክር ያወጣው የደጋፊ ማኅበር አይደለም። በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ተጭነው፣ አትላንቲክ ውቅያኖስን ሰንጥቀው፣ የስፔን ግዛት ወደሆኑት የካናሪ ደሴቶች የሚሄዱ ወጣቶች ናቸው አፋቸው ላይ ያዋሉት። ከዳካር እስከ ካናሪ ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር ነው። ጀልባው ደግሞ ለዓሣ እንጂ ለመንገደኛ የተሠራ አይደለም።

‹‹ታዲያ ይሄ ከስፖርት ገጽ ምን አገናኘው?›› የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። አገናኝቶታል፤ ከአንድም ሁለት ሦስት ቦታ ላይ። እስቲ ወደ አንዲት መንደር ልውሰዳችሁ። ስሟ ንጎር ይባላል።

ንጎር ሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር ውስጥ ናት። ‹‹ውስጥ›› ማለቴ ዛሬ ከተማው ስለዋጣት ነው እንጂ ከተማው ሳይኖር በፊት እሷ ነበረች። ነዋሪዎቿ ሌቡ የሚባሉ፣ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ባሕር ላይ የኖሩ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ዮፍ፣ ንጎር፣ ዋካም የሚባሉት የዳካር ሠፈሮች ሁሉ የሌቡዎች መንደሮች ነበሩ፤ አሁንም በልባቸው መንደር ናቸው። አጠገባቸው ያለው አልማዲ የሚባለው ጫፍ የአፍሪካ ዋና ምድር በስተምዕራብ የሚያበቃበት ነው። ስሙ ራሱ ‹‹ጀልባ›› ከሚል የፖርቱጋል ቃል የመጣ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ አሜሪካ ድረስ ውኃ ብቻ!

ዳካር የሄደ ሰው ንጎር ሲደርስ መጀመሪያ የሚያየው ጀልባዎቹን ነው። ፒሮግ ይሏቸዋል። ረጃጅም፣ ጠባብ፣ አፍንጫቸው ወደ ሰማይ የተቀሰረ፣ ከላይ እስከ ታች በደማቅ ቀለም ያጌጡ ናቸው። የሃይማኖት አባት ስም፣ የእናት ስም፣ የሰንደቅ ዓላማ ቀለም ይቀባባቸዋል። የአውሮፓ ክለብ አርማ የተሳለበትም ታያላችሁ። የእኛ ሚኒባስ ታክሲ መስታወት ላይ አርሴናልና ማንቼ እንደሚለጠፈው ማለት ነው። ከመንደሩ ፊት ለፊት፣ ጥቂት መቶ ሜትሮች ርቃ፣ ትንሽዬ የንጎር ደሴት አለች። የሚያሻግራችሁም ያው ጀልባ ነው፤ የተንሳፋፊ ሰደርያ ያስለብሷችሁና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትደርሳላችሁ። ደሴቲቱ መኪና የላትም፤ ጠባብ መተላለፊያዎችና ቤቶች ብቻ። ከደሴቲቱ ጀርባ ደግሞ፣ ክፍት ውቅያኖሱን በምትመለከተው በኩል፣ ዓለም የሚያውቃት ማዕበል አለች።

ሰርፊንግ ለእኛ ሩቅ ስፖርት ነው፤ ባሕር የሌለን ሰዎች ነንና አይፈረድብንም። ሰሌዳ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብ ነው። ጥበቡ ግን ሚዛን መጠበቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማዕበል የሚወለደው ሩቅ፣ ሰሜን አትላንቲክ ላይ በሚነሳ አውሎ ነፋስ ነው። ከዚያ ብዙ ቀን ተጉዞ ይመጣና ጥልቀት ከሌለው ድንጋያማ ወለል ጋር ሲላተም ብድግ ብሎ ይሰበራል። የንጎሩ ማዕበል ለጋላቢው ወደ ቀኝ በኩል እየተከፈተ የሚሰበር ነው፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ያምርበታል። ከሥሩ ያለው ድንጋይ ደግሞ እንደ ጃርት እሾህ በለበሱ የባሕር ፍጥረታት የተሞላ ነውና የወደቀ ሰው እግሩን ይዞ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሰርፈሩ ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋው በመጋለብ ሳይሆን በመጠበቅ ነው። የትኛው ማዕበል ይሰበራል፣ የት ይሰበራል፣ መቼ ልነሳ የሚለውን ማንበብ። ፒርሎ መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ ያደርገው የነበረውን አስቡት።

ይህችን ማዕበል ለዓለም ያስተዋወቃት አንድ ፊልም ነው። ብሩስ ብራውን የሚባል አሜሪካዊ ማይክ ሂንሰንና ሮበርት ኦገስት የተባሉ ሁለት የካሊፎርኒያ ሰርፈሮችን አስከትሎ በ1963 ዓለምን ሲዞር አፍሪካ ላይ መጀመሪያ ያረፈው ዳካር ነበር፤ ንጎር ላይ ቀረጸ። ‹‹ማለቂያ የሌለው በጋ›› ብለን ልንተረጉመው የምንችለው ፊልሙ በ1966 ለሕዝብ ቀርቦ በሰርፊንግ ዓለም እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ይታያል። ከዚያ ወዲህ ከፈረንሳይ፣ ከስፔን፣ ከአሜሪካ ሰሌዳ ተሸክሞ የሚመጣው እንግዳ ብዙ ነው። ደሴቲቱ ላይ ማረፊያ ቤቶች፣ የሰርፊንግ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። በ2019 ዓለም አቀፍ ውድድርም ዳካር ላይ ተካሂዷል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ፊልሙን የሚያይ ሰው ሰርፊንግን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ያመጡት እነዚህ ሁለት ልጆች ይመስሉታል። ይሄ ትክክል አይደለም። ኬቪን ዳውሰን የሚባል የታሪክ ምሁር በ2018 ባሳተመው መጽሐፍ አሮጌ የመርከበኞችና የነጋዴዎች ጽሑፎችን ፈልፍሎ አሳይቷል። በ1640ዎቹ ኤልሚና፣ የዛሬዋ ጋና ውስጥ፣ ሕፃናት በሳንቃ ላይ ሆነው ባሕር ሲለማመዱ አንድ ጀርመናዊ አይቶ ጽፏል። በ1834 ደግሞ አክራ ላይ አንድ የብሪታንያ ጦር መኮንን ሳንቃ ሆዳቸው ሥር ይዘው በማዕበል ተጭነው የሚመለሱ ልጆችን አይቷል። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ሳንቃ አግኝቶ ማዕበል ላይ ለመውጣት ከካሊፎርኒያ አስተማሪ እስኪመጣ አይጠብቅም! እኛ ኳስን በካልሲ ጠቅልለን ስንጫወት ከእንግሊዝ ፈቃድ ጠይቀን ነበር እንዴ?

ነገሩ ከሥራ የመጣ ነው። ፒሮግ ከአሸዋ ተነስቶ ወደ ጥልቁ ለመውጣት የሚሰበሩትን ማዕበሎች ማለፍ አለበት። መሪው ይቆማል፣ ይቆጥራል፣ በሁለት ማዕበል መሐል ያለችውን ክፍተት ይጠብቃል፣ ከዚያ ‹‹ግፉ!›› ይላል። በአንዲት ደቂቃ ከተሳሳተ ጀልባው ይገለበጣል፤ መረቡ ይሄዳል፣ ሰውም ይሄዳል። ሲመለስም እንዲሁ ነው፤ በማዕበሉ ጀርባ ላይ ሆኖ ነው የሚገባው። እንግዲህ ይህንን እያየ ያደገ ልጅ ሰሌዳ ብትሰጡት ምን እንደሚሆን ገምቱ። በቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ በ2021 ማለት ነው፣ ሰርፊንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳልያ ሲሰጥበት የወንዶቹን ወርቅ የወሰደው ብራዚላዊው ኢታሎ ፌሬራ የማን ልጅ ነው? ባያ ፎርሞዛ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ዓሣ ገዝቶ የሚሸጥ ሰው ልጅ። ሰርፊንግ የጀመረው አባቱ ዓሣ በሚያስቀምጥበት የፎም ሣጥን ክዳን ላይ ነው። ቶኪዮ ላይ በፍጻሜው መጀመሪያ ሰሌዳው ለሁለት ተሰብሮበት በሌላ ቀይሮ ገብቶ ነው ያሸነፈው። በሣጥን ክዳን የተማረ ሰው ሰሌዳ ተሰበረ ብሎ ይደነግጣል?

ንጎርም የራሷን ልጆች አውጥታለች። ካጁ ሳምብ የመንደሩ ልጅ፣ ሌቡ ናት፤ ሴኔጋል ያፈራቻት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሽናል ሰርፈር ትባላለች። ቤተሰቧ መጀመሪያ ላይ ‹‹ሴት ልጅ ባሕር ላይ ምን ትሠራለች?›› በሚል ስሜት ከልክሏት ነበር፤ እሷ ግን በእምቢታዋ ጸናች። ካሊፎርኒያ ድረስ ሄዳ ሠልጥናለች። ቶኪዮን ብታልምም አልደረሰችም። ግን ዛሬ ንጎር ላይ ሰሌዳ ይዘው ወደ ውኃ የሚገቡ ሴት ልጆች ከእሷ በኋላ የመጡ ናቸው።

ወደ ኳሱ ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ እሱን እየጠበቃችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ሴኔጋል ውስጥ ከሊጉ ይልቅ ሰው የሚያብድለት ውድድር አለ፤ ናቬታን ይባላል። በክረምት፣ ዝናቡ ሲመጣ፣ ሠፈር ከሠፈር የሚጋጠምበት ነው። የእኛን የክረምት የሠፈር ዋንጫ የሚያውቅ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ያው ጭፈራ፣ ያው ጠብ፣ ያው ‹‹ይሄ ልጅ የሌላ ሠፈር ነው፣ መታወቂያ አምጡ›› የሚል ክርክር። ብዙ ተጫዋቾች መጀመሪያ የታዩት እዚያ ላይ ነው። ንጎር በበኩሏ ኦሊምፒክ ደ ንጎር የሚባል ክለብ አላት፤ በአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ ተጫውቷል። ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ሸሸት ሲል እርጥቡ አሸዋ ደልደል ያለ ሜዳ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከንጎር እስከ ዮፍ ዳርቻው በኳስ ተጫዋች ይሞላል። ባጠገባቸው በግ ይዞ መጥቶ ባሕር ውስጥ የሚያጥብ ሰው አይጠፋም። በባሕር ዳር አሸዋ እግር ኳስ ሴኔጋል አፍሪካን ደጋግማ ያሸነፈችው፣ በ2021 ሞስኮ ላይም ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰችው እንዲሁ ዝም ብሎ አይደለም።

ስለ ትልቁ ቡድን መቼም አትረሱም። ግንቦት 31 ቀን 2002 ሴኡል ላይ ፈረንሳይን 1 ለ 0! ነፍሱን ይማረውና ፓፓ ቡባ ዲዮፕ ያገባት ጎል፣ ከዚያ ማሊያውን አውልቆ ማዕዘን ላይ ያደረጉት ጭፈራ። እዚህ እኛም ጋ ጩኸቱ ጣሪያ ነቅሎ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት፣ ከአራት ወር በኋላ፣ መስከረም 26 ቀን ለ ጆላ የምትባለው የሴኔጋል መርከብ ከካዛማንስ ወደ ዳካር ስትመጣ ጋምቢያ ፊት ለፊት ተገልብጣ ከ1,800 በላይ ሰው አለቀ። ከሚገባው ሦስት እጥፍ ገደማ ሰው ጭና ነበር። የቡድኑ አምበል አሊዩ ሲሴ ከቤተሰቡ ብዙ ሰው ያጣው በዚያች መርከብ ነው። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ ከ20 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 6 ቀን 2022 ያውንዴ ላይ፣ አሠልጣኝ ሆኖ ሴኔጋልን የመጀመሪያዋን የአፍሪካ ዋንጫ ያስበላት። ግብፅን በመለያ ምት 4 ለ 2፤ የመጨረሻዋን የመታት ማኔ። ሲሴ ጽዋውን ሲያነሳ ዳካር ላይ ያበደው ሕዝብ ባሕር ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚወስድ የሚያውቅ ሕዝብ ነው።

አሁን ወደ ዓሣው።

በሴኔጋል ዳርቻ ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ ነፋስ የላይኛውን ውኃ ገፋ ያደርገውና ከጥልቁ ቀዝቃዛ፣ ምግብ የበዛበት ውኃ ወደ ላይ ይወጣል። ዓሣ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው፤ በዓለም ካሉ ዓሣ የበዛባቸው ባሕሮች አንዱ የሆነውም በዚህ ነው። ድሃውም ሀብታሙም የሚበላው ያቦይ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ነበር፤ ከሰርዲን ጋር ዘመድ ነው። ለእንግዳ የሚቀርበው ደግሞ ቲዮፍ። ቴቡጄን የሚሉት የሩዝና የዓሣ ምግባቸው በ2021 በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። መዝገቡ ላይ ሲሰፍር ከድስቱ ውስጥ ዓሣው እየጠፋ ነበር፤ ጉድ ነው መቼም!

የት ሄደ? አንደኛ፣ ጀልባዎቹ ራሳቸው በዝተዋል። ሞተሩም በርትቷል፤ ይህንን ዓሣ አጥማጆቹም አይክዱትም። ሁለተኛ፣ ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ ትላልቅ መርከቦች፣ ፈቃድ ያላቸውም የሌላቸውም፣ ፒሮግ በአንድ ወር የማያገኘውን በአንድ ሌሊት ይጠርጋሉ። ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም ይብሳል። ያቦይን እየገዙ ፈጭተው ዱቄት የሚያደርጉ ፋብሪካዎች በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ተተክለዋል። አንድ ኪሎ ዱቄት ለማግኘት አራት አምስት ኪሎ ትኩስ ዓሣ ይፈጫል። ዱቄቱ ወደ ውጭ ይላክና በገንዳ ለሚረባ ዓሣና ለእንስሳት መኖ ይሆናል። ድሮ ዓሣውን ከጀልባ ላይ ተቀብለው አጭሰውና አድርቀው እስከ መሐል አገር ይሸጡ የነበሩት ሴቶች ከፋብሪካ ጋር በዋጋ እየተወዳደሩ ገበያ አጡ። የአውሮፓ ኅብረትና የሴኔጋል የዓሣ ማጥመድ ስምምነት በኅዳር 2024 ጊዜው አብቅቶ ሳይታደስ ቀርቷል። ያም ሆኖ አንድ ወረቀት ስላበቃ ዓሣ በማግሥቱ አይመለስም።

ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው ጀልባ ባዶውን ሲመለስ ዳር ላይ ያለው ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ሴኔጋል ላይ ይህንን በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ቤተሰብ አባዙት።

ዓሣ ከሌለ ጀልባው ምን ያደርጋል? ጀልባው አለ፣ ሞተሩ አለ፣ ባሕሩን በሌሊት የሚያነብ ካፒቴን አለ። በ2006 ብቻ ከ31 ሺህ በላይ ሰው በእንዲህ ዓይነት ጀልባ ካናሪ ደሴቶች ገባ። ‹‹ባርሳ ወላ ባርሳክ›› የተስፋፋውም ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ቀንሶ ነበር፤ ተመልሶ መጣ። በ2024 ከ46 ሺህ በላይ ገቡ፤ ክብረ ወሰን ነው። ሁሉም ሴኔጋላዊ አይደሉም፤ የማሊም፣ የሞሪታኒያም፣ የጊኒም ልጆች አሉበት። ይህ እንግዲህ የደረሱት ቁጥር ነው። በ2023 ፋስ ቦዬ ከምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ወደ 100 ሰው ጭና የወጣች ፒሮግ ከወር በላይ ባሕር ላይ ተንሳፍፋ ኬፕ ቨርዴ አጠገብ ስትገኝ በሕይወት የነበሩት 38 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሌላ ጀልባ እዚያው ዳካር፣ ሰርፈሮች በሚወዱት በዋካም ዳርቻ ተገልብጣ ሰው አለቀ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ቱሪስቱ ‹‹ወይኔ እንዴት ይችላል!›› እያለ ፎቶ የሚያነሳው፣ ማዕበል ቆጥሮ ክፍተት የሚያገኘው ካፒቴን፣ ደላላም የሚፈልገው እሱኑ ነው። ጀልባ ካናሪ ሲደርስ ደግሞ የስፔን ፖሊስ መጀመሪያ የሚይዘው መሪውን የጨበጠውን ሰው ነው፤ ፍርድ ቤት ቀርበው የታሠሩ ዓሣ አጥማጆች ጥቂት አይደሉም። አንድ ችሎታ ለአንዱ ሜዳልያ፣ ለሌላው እስር ቤት።

አሁን የእኔን ሐሳብ ልናገር። እኛ የስፖርት ሰዎች ስለ እንደዚህ ዓይነት መንደር ስንጽፍ ሁለት ነገር መጻፍ እንወዳለን። አንደኛው ‹‹ገነት›› ነው፦ ፀሐይ፣ አሸዋ፣ ማዕበል፣ የሚስቁ ሕፃናት። ሁለተኛው ‹‹ስፖርት አዳናቸው›› ነው፦ ከባዶ እግር እስከ ፕሪሚየር ሊግ። ሁለተኛውን እኔም እወደዋለሁ፤ የማኔን ታሪክ የማይወድ ማን አለ? ከባምባሊ ጠፍቶ ዳካር ገብቶ፣ በጄኔራሲዮን ፉት አካዳሚ በኩል ሜስ፣ ከዚያ አንፊልድ። ግን እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። አካዳሚ በየዓመቱ ወደ አውሮፓ የሚልከው በጣት የሚቆጠር ልጅ ነው። የሰርፊንግ ትምህርት ቤትም የሚቀጥረው ጥቂት አሠልጣኝ ነው፤ ለዚያውም ማዕበሉ በሚያምርበት ወራት። አንዲት ትልቅ ፒሮግ ግን ስትሠራ ብቻዋን የአንድ እግር ኳስ ቡድን ያህል ሰው ትይዛለች፤ ዳር ላይ የሚጠብቁትን ሴቶች፣ በረዶ ሻጩን፣ ተሸካሚውን፣ ሞተር ጠጋኙን ሳንቆጥር። መንደሩን ይመግብ የነበረው ዋናው ቡድን እሱ ነበር። እሱ ሲወርድ ዝም ብለን ሁለት ተጫዋች ሲሸጥ ‹‹ሴኔጋል አበበች›› ማለት ምን ይሉታል?

ስፖርቱ ዓሣውን አልወሰደም፤ ይህንን አልክድም። ሰርፈሩ ሲመጣ ገንዘብ ይዞ ይመጣል፤ ጀልባ ይከራያል፣ ይበላል፣ ያድራል። ነገር ግን እሱ የወደደውን ቦታ ሌላውም ይወደዋል፤ ሆቴሉ፣ ቪላው፣ ሀብታሙ ተከትሎ ይመጣል። አልማዲ ዛሬ ከዳካር ውድ ሠፈሮች አንዱ ነው። ሌቡዎቹ መሬታቸው ከየአቅጣጫው ተቆርጦ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚሠሩበት ቦታ እስኪያጡ ደርሰዋል። በግንቦት 2023 ንጎር ላይ መንግሥት ለጀንዳርም ጣቢያ ያሰበውን ቦታ ነዋሪው ‹‹ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሁንልን›› ብሎ ግጭት ተነስቶ አንዲት ታዳጊ ሕይወቷ አልፏል። የሠፈሩ ሜዳ በአንድ ሌሊት ታጥሮ ፎቅ የበቀለበት የአዲስ አበባ ልጅ ይሄ ነገር አይጠፋውም።

ደግሞም እግር ኳሱ እጁ ንጹሕ ነው ለማለት ይከብደኛል። ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር አገር እንዳይዘዋወር በጥቂት ሁኔታዎች ካልሆነ በቀር ይከለክላል። ሕጉ አለ። ዳካር ላይ ግን ‹‹ወኪል ነኝ፣ ሙከራ አስገኝልሃለሁ›› ብሎ ከቤተሰብ ገንዘብ ተቀብሎ የሚጠፋ ሰው ሞልቷል። ገንዘቡ ከየት መጣ? ከተሸጠ ጀልባ፣ ከተሸጠ የእናት ወርቅ። ልጁ የሰው አገር ሆቴል ላይ ተጥሎ ይቀራል፤ ወይም ጭራሽ ሳይነሳ። ከዚያ በኋላ ጀልባዋ ትመጣለች። ልጁ የሚያልመው እኛ በየሳምንቱ መጨረሻ የምናየውን ሜዳ ነው፤ የመፈክሩ ቃል ያለ ነገር ‹‹ባርሳ›› አልሆነም። ‹‹ማድሪድ ወላ ባርሳክ›› ቢሉትም ያው ነበር፤ ሳይገጥምላቸው ቀርቶ ነው።

‹‹እነሱ ምን ነካቸው፣ እየሞቱ ለምን ይሄዳሉ?›› የሚል ደግሞ ቢያንስ ከእኛ አገር ሰው አፍ ባይወጣ። በኦቦክና በቦሳሶ በኩል ወደ የመን የሚሻገረው ልጅ የማን ልጅ ነው? የእኛዎቹ እንኳን ባሕር አይተው አያውቁም። የሌቡው ልጅ ባሕሩን እያወቀ ነው የሚገባበት።

ዳካር የመሄድ ዕድል የገጠመው አንባቢ ካለ፣ ንጎርን አይለፋት። ሰርፊንግ መሞከር ከፈለገ የመንደሩ ልጅ ያስተምረው እንጂ ከውጭ የመጣ ካምፕ ብቻ ፈልጎ አይሂድ። ያንን እሾህም ይጠንቀቅ። ጀልባ ሲገባ ግን ከመንገድ ዞር ይበል፤ እዚያ ሰዓት ሥራ ነው። ሴቶቹ ሳህን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ስንት ዓሣ እንደገባ ከፊታቸው ይነበባል። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከዳካር ወጣ ብላ ያለችው ቲያሮይ ላይ ደግሞ ያዪ ባያም ዲዩፍ የሚባሉ እናት አሉ። በ2006ቱ ጉዞ አንድ ልጃቸውን ባሕር በላባቸው። ልጆቻቸውን ያጡ እናቶችን አሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ ወጣቶቹ እንዳይሄዱ ይመክራሉ፣ ሴቶቹም ሠርተው እንዲያድሩ ይጥራሉ። ስለሳቸው የተጻፈው ሁሉ በስደት ገጽ ላይ ነው። በስፖርት ገጽ ላይ ስማቸውን አይቼ አላውቅም፤ ይኸው ዛሬ ይጻፍ።

ዳካር ለ2026ቱ የወጣቶች ኦሊምፒክ ተመርጣለች፤ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ውድድር ነው። ካሜራ ወደ ባሕሩ መዞሩ አይቀርም፤ ፒሮግ ደግሞ ለቴሌቪዥን እንዴት እንደሚያምር አትጠይቁኝ። አፍንጫዋን ወደ ሰማይ የቀሰረች፣ በቀይና በቢጫ ያጌጠች ጀልባ ስትታይ የእኛም ኮሜንታተር አንድ ነገር ይል ይሆናል። እባክህ ወዳጄ፣ ስለ ቀለሟ ስታወራ ምን ይዛ እንደተመለሰችም ጠይቅልን።